ነቅቶ የማይታዘዝ ኮምፒውተር

ያን ኮምፒውተር ልመታው ወንበር ያነሣሁበት ቀን አለ። አልመታሁትም። ወንበሩን መልሼ ተቀመጥኩበትና ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስጽፈው ያረፈድኩት የሩብ ዓመት ሪፖርት ፊቴ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። የማውዙ ቀስት አንድ ቃል ላይ ቆማለች። ማውዙን ብገፋው አትነቃነቅም፤ ኪቦርዱን ብደበድበው አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ ተጠርቼ ስወጣ ደኅና ነበር። እኔ ስብሰባ ላይ ሳለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ካልነኩት እንደሚያደርገው፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ተኛ። ስመለስ የሲፒዩውን ቁልፍ ነካ አድርጌ ቀሰቀስኩት፤ ነቃ፤ ግን አይሰማም።

እንዲህ ሲሆን የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁልፉን ተጭኖ ይዞ በግድ ማጥፋት። በግድ ሳጠፋው ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ ይሄዳል። ያን ቀን ደግሞ ሴቭ ያደረግኩትም ሄደ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ፋይሉ አልከፈትም አለኝ። ሪፖርቱ በዚያው ቀን ወደ ክልል መላክ ነበረበት።

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «ቢፒአር» በሚሉት የአሠራር ለውጥ በሚታመሱበት ጊዜ ነው። እኔ ቦንጋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት በታይፕራይተር ሠርቻለሁ። ጣቶቼ ፈጣን ነበሩ፤ ከደካና ከቢታ ገነት የሚመጡ የወረዳ ሰዎችም ደብዳቤያቸውን እኔ እንድጽፍላቸው ተራ ይጠብቁ ነበር። ለውጡ ሲመጣ ታይፕራይተሬ መጋዘን ገባ። እኔ ጅማ ተልኬ ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ ስመለስ አዲስ ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የተሳሳተ ፊደል በነጭ ቀለም መሸፈን ቀረልኝ፤ አንድን ደብዳቤ ለአሥር ወረዳ አሥር ጊዜ መምታት ቀረልኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት አንድም ቀን አላስቀየመኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ይህ ነገር የጀመረው። ሳይተኛ ሙሉ ቀን ብሠራበት ምንም አይለኝም። ለምሳ ወጥቼ፣ ባለጉዳይ ሳነጋግር ቆይቼ፣ ወይም ኃላፊው ጠርቶኝ ከተኛ ግን ሲነቃ አይታዘዝም። ሁልጊዜም አይደለም፤ አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ይነቃል። ይህ «አንዳንድ ቀን» ነው ያበሳጨኝ። ሰው ጠርቼ ሳሳይ ደኅና ይሆናል፤ ሰውየው ሲሄድ ይደነዝዛል።

ለሦስት መሥሪያ ቤት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ነበር። ከእኔ ቢያንስ ሰባት ዓመት የሚያንስ ወጣት ነው፤ ጥሩ ልብስ ይለብሳል፤ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ስጠራው በአራተኛው ቀን መጣ።

«እትዬ፣ ቫይረስ ነው» አለኝ፣ ገና ወንበር ሳይስብ።

«ተኝቶ ሲነቃ ብቻ ነው እኮ እንዲህ የሚሆነው» አልኩት።

«ቫይረስ እንዲህ ነው። ይደበቃል።»

«እሺ፣ ጭራሽ እንዳይተኛ ማድረግ አይቻልም?»

«ካልተኛ ይቃጠላል።»

እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። እሱ ነው የተማረው። ማስተካከያው ውስጥ የሚያስገባውን የይለፍ ቃል የያዘውም እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ሰዓቱን እንኳ መቀየር አልችልም። «ፎርማት ይደረጋል» አለ። ደብዳቤዎቼስ ስለው «አይዞሽ፣ ይዤልሻለሁ» አለኝ። ፍላሹን ሰካ፣ አንድ ነገር ገለበጠ፣ ከዚያ ጠረገው። የገለበጠው ስክሪኑ ፊት ላይ የነበሩትን ጥቂት ፋይሎች ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ማታ ሊወጡ ሲሉ ኃላፊው ያለፈውን ወር ደብዳቤ ሲጠይቁኝ ነው። ኮምፒውተሩ ከመጣ ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ፣ የሠራተኛ ዝርዝሩ፣ የወረዳዎቹ ደብዳቤ፣ የቃለ ጉባኤው ቅጂ፣ አንድም አልተረፈም።

በማግስቱ ምሳ በልቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ነበር። ቀሰቀስኩት። ነቃ። ቀስቷ ቆመች። ባለሙያው ጋ ስደውል ስልኩ አይሠራም።

ስለ ጽዳት ሠራተኛችን የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። በኮንትራት ነው የሚሠሩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሰፈር በጭቃው በእግራቸው መጥተው እኛ ሳንገባ ቢሮውን ያጸዳሉ፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ እንደገና ይወለውላሉ። የእሳቸውም የእኔም የአፍ መፍቻ ቋንቋ የካፋው ካፊኖኖ ነው። ቢሮ ውስጥ ግን እኔ አማርኛ ብቻ ነበር የምናገረው። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ እንደዚያ የወሰንኩት። ጸሐፊ ስሆን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ብዬ፣ እሳቸው በካፊኖኖ ሲጀምሩልኝ እንኳ በአማርኛ እመልስላቸው ነበር። እሳቸውም በኋላ ከእኔ ጋር በአማርኛ መታገል ጀመሩ። አማርኛቸው አስቸጋሪ ነበር፤ «እሱ» እና «እሷ» ይቀላቀልባቸዋል፤ ቃል ሲጠፋባቸው በእጃቸው ያሳያሉ።

አንድ ቀን ቀስቷ ቆማ እኔ ስበሳጭ እሳቸው በጨርቅ መስኮቱን ይወለውሉ ነበር። ዘወር አሉና ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ በጣታቸው አሳዩኝ።

«መብራት ጠፋ» አሉኝ።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አምፖሉ በርቷል።

«መብራት አለ እኮ፣ እትዬ።»

«አይደለም። እሱ ጠፋች። ሲተኛ ጠፋች፣ አልመጣችም።»

«አለ፣ ይኸው በርቷል» አልኳቸው። «እባክዎ ሥራ ላይ ነኝ።»

ጨርቃቸውን ጨመቁና ወጡ። በሌላ ቀንም አንድ ጊዜ ጀምረውት ነበር። እኔ እጄን አወዛወዝኩ፤ ተዉት። ሁለቱንም ጊዜ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ባላስታውስ ደስ ይለኝ ነበር።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በጠፋ በሳምንቱ የሠራተኞች ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ምን እንደሆነ ያን ዘመን ያየ ሰው ያውቀዋል። ላላየ ሰው፣ ሠራተኛው በሙሉ አንድ አዳራሽ ይገባና እያንዳንዱ በተራ ይነሣል፤ ስለ ራሱ ጥፋት ይናገራል፤ ከዚያ ሌሎች ስለ እሱ ጥፋት ይናገራሉ፤ አንድ ሰው ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሰጣል። ኃላፊያችን ስብሰባውን ይመሩ ነበር። ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው፣ ከሌላ ዞን ተዛውረው የመጡ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሰውን አይሰድቡም፤ ከእኔ በፊት እሳቸው ሰላም ይላሉ። ግን ሪፖርት ዘግይቶ ክልል ሲደውልባቸው ስም ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ስም የማን እንደሆነ ግድ አይሰጣቸውም።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ሪፖርቱ ለምን ዘገየ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሲነቃ አይሠራም። ለባለሙያው ነግሬያለሁ።»

ባለሙያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሣና ማሽኑን ፎርማት እንዳደረገ፣ ንጹሕ እንደሆነ፣ ቀሪው «የአጠቃቀም ችግር» እንደሆነ ተናገረ። «አንዳንድ ነባር ሠራተኞች ከታይፕራይተር አስተሳሰብ ገና አልወጡም» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ።

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ የአመለካከት ችግር ነው» አሉ። «ለውጡን ከልብ አለመቀበል ነው። መሣሪያ አይዋሽም።»

ዘጠኝ ዓመት አንድ ደብዳቤ አላዘገየሁም። በጭቃ በዝናብ ከሁሉ ቀድሜ የምገባ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጽዳቷ ገመዱን ትነካካለች» አልኩ። «ጠረጴዛዬ ሥር ገብታ ገመድ ስታነሣ አይቻለሁ።»

አላየሁም። እሳቸው ጠረጴዛው ሥር ሲወለውሉ አይቼ ይሆናል፤ ገመድ ሲነቅሉ ግን አላየሁም። እሳቸው አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። የኮንትራት ሠራተኛ ግምገማ አይገባም። እያወራሁ «አንቱ» የምላቸውን ሴት «እሷ» ብዬ እንደጠራሁ እንኳ ያስተዋልኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጽዳት ሠራተኛዋ ኮንትራት «አይታደስም» ተባለ። ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ኃላፊው ረቂቁን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ ጻፍኩት፤ ፕሪንት አደረግኩት፤ ማኅተም ለማስመታት ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ ሲቀበሉ አላየሁም፤ ሆን ብዬ ወጥቼ ነበር።

የሚገርመው፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ባሰበት። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ይደነዝዛል። የሚነካካው ሰው የለም። ጠረጴዛዬ ሥር ሸረሪት ድር አድርቶበታል።

እሑድ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ዕድሜ ልኩን የወፍጮ ጠጋኝ ነበር። ከቦንጋ ዙሪያ እስከ ጌሻ ድረስ ወፍጮ ሲቆም የሚጠሩት እሱን ነበር። ሞተር ሲጮህበት ስለኖረ ጆሮው ከብዷል። ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ስለ ባለሙያው፣ ስለ ሪፖርቱ። ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ አልነገርኩትም። ኮምፒውተር በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ሰማኝና ጠየቀኝ።

«መቼ ጀመረ?»

«ቆይቷል። ከመስቀል ወዲህ ነው።»

«ከዚያ በፊት ደኅና ነበር?»

«ስድስት ወር ደኅና ነበር።»

«ከመስቀል አካባቢ ምን ነክታችሁበታል?»

ያን ያህል ወር ስሰቃይ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ባለሙያው አልጠየቀኝም፤ ኃላፊው አልጠየቁኝም፤ ከሁሉ የሚብሰው እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ጠረጴዛዬን አዞሩት» አልኩት።

በእርግጥም ከመስቀል በኋላ ነበር። በአዲሱ አሠራር ጸሐፊ ፊቷን ወደ በር አድርጋ ባለጉዳይ መቀበል አለባት ተብሎ ጠረጴዛዬ ተዞረ። ሲፒዩው ግን ሶኬቱ ግድግዳው ጋ ስለሆነ እዚያው ቀረ። የኪቦርዱና የማውዙ ገመድ አልደርስ አለ። ባለሙያው መጥቶ አንዱን ቀዳዳ አራት የምታደርግ ትንሽ ማከፋፈያ በቀጭን ገመድ ከሲፒዩው ሳበና ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፋት። ኪቦርዱንም ማውዙንም እሷ ላይ ሰካ። እኔ አመስግኜዋለሁ።

«እንግዲህ ያን አንሺና እይው» አለ አባቴ። «አንድ ነገር ብቻ አንሺ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ካነሣሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ደጋግመሽ አስነሺው።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። ደብተር አወጣሁ። ከማጥፊያው ዝርዝር ላይም ማስተኛት ስለሚቻል በራሱ እስኪተኛ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ምንም ሳልነካ አስተኛሁትና ቀሰቀስኩት። ደነዘዘ። በግድ አጠፋሁት፤ አስነሣሁት፤ «እንዳለ፣ አልሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፕሪንተሩን ነቀልኩ። አስተኛሁት፣ ቀሰቀስኩት፤ ደነዘዘ። ጻፍኩ። ፕሪንተሩን መለስኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሆዴ ይጮኻል፤ እኔ ግን ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሠራውን አውቅ ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛውን ብቻዬን ገፋሁት። ከባድ ነበር፤ እግሩ ሲሚንቶውን ፋቀው። ወደ ድሮ ቦታው፣ ወደ ግድግዳው መለስኩት። ኪቦርዱንና ማውዙን ከማከፋፈያዋ ነቅዬ በቀጥታ ሲፒዩው ጀርባ ላይ ሰካሁ። አስተኛሁት። ቀሰቀስኩት። ነቃ። ማውዙን ገፋሁ። ቀስቷ ሄደች።

አላመንኩም። እንደገና አስተኛሁት። ነቃ፤ ሠራ። አምስት ጊዜ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱን ማከፋፈያዋ ላይ መልሼ ሰካሁና አስተኛሁት። ስቀሰቅሰው ደነዘዘ። ያኔ ነው ማከፋፈያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብዬ ያየኋት። ጥጓ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት ነበራት። ስትሠራ ትበራለች። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ኃይል ይቋረጥባታል፤ ትጠፋለች። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ግን እሷ አልበራችም።

«መብራት ጠፋ።» «እሱ ጠፋች። ሲተኛ ጠፋች፣ አልመጣችም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ችግሩን ከነምክንያቱ ነግረውኝ ነበር። ያዩትን በትክክል ነው የነገሩኝ፤ መቼ እንደሚጠፋ፣ መቼ እንደማይመለስ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ዐይኑን ከፍቶ ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። በካፊኖኖ እንዲነግሩኝ ብፈቅድላቸው ኖሮ በአንድ ትንፋሽ እረዳቸው ነበር፤ ያቺ ትንሿ መብራት ይሉኝ ነበር፤ እኔ ጣሪያ አላይም ነበር። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ ባለሙያው ላይ፣ ኃላፊው ላይ፣ ደግሞ አፌ ላይ።

ኃላፊው ከምሳ ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ደብተሬን አሳየሁ፤ ኮምፒውተሩን ፊታቸው አስተኝቼ ቀሰቀስኩ፤ በማከፋፈያዋና ያለ ማከፋፈያዋ። በትዕግሥት አዩ።

«ጎበዝ» አሉኝ። «ግን ጠረጴዛው ወደ በሩ መዞር አለበት። ስታንዳርዱ ነው።»

«ችግሩን ያመጣው እሱ ነው እኮ።»

«እሱን ባለሙያው ያየዋል።»

«ማስጠንቀቂያዬስ? የጽዳት ሠራተኛዋስ?»

«ያለፈ ነገር አናንሣ» አሉና ገቡ።

ባለሙያው በሦስተኛው ቀን መጣ። ማከፋፈያዋን በእጁ ገለበጣት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። ብመልስለት ኖሮ በሥራ ቋንቋ አይሆንም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሴትየዋን ቤት ፈልጌ ሄድኩ። ባጃጅ እስከ ድልድዩ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። ቤታቸው በእንሰት የተከበበ ነበር። እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ቆጮ የሚሆነውን እንሰት ይፍቁ ነበር። አይተውኝ አልተነሡም። በካፊኖኖ ሰላም አልኳቸው። መፋቃቸውን አላቆሙም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማከፋፈያዋን፣ ቀይዋን መብራት፣ ግምገማው ላይ ያልኩትን። ስማቸውን ያነሣሁት እኔ እንደሆንኩ ሲሰሙ እጃቸው ቆመ።

«እኔ ጠረጴዛሽን እንኳ በጨርቅ ጫፍ ነበር የምነካው» አሉኝ። «ገመድ የሚባል ነገር እፈራለሁ። መብራት ይይዘኛል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም ነበር። ብታውቂ ኖሮ አትናገሪም ነበር።» እንደገና መፋቅ ጀመሩ። «ነግሬሽ ነበር። ሁለቴ ነግሬሻለሁ። የማይሰማው ማሽኑ ብቻ አልነበረም።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ ይቅር አልልሽም አላሉም። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሂጂ» አሉኝ። ወደ ቤት ግቢ አላሉኝም። በእኛ አገር ሰው ደጅ ደርሶ ግባ ካልተባለ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ተነሥቼ ዳገቱን ወረድኩ፤ እውነትም ዝናቡ ድልድዩ ጋ ያዘኝ።

ሰኞ ጠዋት ገና ማንም ሳይገባ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ የተሰናበቱት እኔ በሰጠሁት የሐሰት ቃል መሆኑን፣ ጥፋቱ በጠረጴዛው መዞር ምክንያት የተሰካው ዕቃ መሆኑን፣ ወደ ሥራቸው ሊመለሱ እንደሚገባ። ከደብተሬ ገልብጬ የሙከራውን ውጤት አያያዝኩ። ኃላፊው አነበቡትና «ይህን ቀድጂው፣ ራስሽን ነው የምትጎጂው» አሉኝ። አልቀደድኩም። መዝገብ ቤት ወስጄ ቁጥር አሰጠሁት፤ ግልባጩን ለበላይ አካል ላክሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጓደኛዬ ነበረች፤ ማኅተሙን ስትመታ ቀና ብላ አላየችኝም።

በሚቀጥለው ግምገማ ኃላፊው ደብዳቤዬን አነሡት። ግለ ሂሴን እንደተቀበሉ፣ ለሌሎችም አርኣያ እንደሆነ ተናገሩ። ደብዳቤዬ የአሠራሩንም ጥፋት ይናገር ነበር፤ እሳቸው ግን ሁሉንም የእኔ ጥፋት አድርገው መዘገቡት። ስለ ጠረጴዛውና ስለ ባለሙያው አንድ ቃል አልተነሣም። ነጥቤ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ ተነሥቼ «ጠረጴዛዬን አላዞርም» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍርልኝ ጠየቅኩ። ማንም አልሣቀም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቢሮ በሠራሁባቸው አራት ዓመታት ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዬን ወደ በሩ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሁለት ጊዜ አዙሪ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለቱንም ራሴ ጻፍኳቸው፤ ሁለቱንም ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ጠረጴዛውን አልነካሁም። ባለጉዳይ ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ እዞራለሁ።

ኃላፊው በዓመቱ ከፍ ያለ ቦታ አግኝተው ሄዱ። ባለሙያውም ቆይቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከማኅደሬ አልወጣም፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ይኖራል።

የጽዳት ሠራተኛዋን በሰባተኛው ወር «ክፍት ቦታ አለ» ብለው ጠሯቸው። አልመጡም። እሳቸው ቀድመው አንድ ጤና ጣቢያ ቋሚ ሠራተኛ ሆነው ተቀጥረው ነበር፤ በእኔ ደብዳቤ ሳይሆን በራሳቸው ፍለጋ። አንድ የገበያ ቀን ኮረሪማ ስገዛ አጠገቤ ቆሙ። በካፊኖኖ እንዴት ነሽ አሉኝ፤ ደኅና ነኝ አልኩ። ልጆችሽስ አሉኝ፤ ደኅና ናቸው አልኩ። የጤና ጣቢያው ሥራ እንዴት ነው ስላቸው «ያዳምጡኛል» አሉኝና ወደ ማር ሻጮቹ አለፉ።